አውራ ጣት የምታህል ጉም

የእህቴን ባል ቢሮ ውስጥ «ክቡርነቱ» ነው የምንለው። ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከኋላው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስንጠራው አንድ ቀን እንኳ አልሰማም፤ ቢሰማም እንደ ምርቃት ይቆጥረው ነበር። ጠዋት ሲገባ በሩን የሚገፋው በክርኑ ነው፣ እጁ ለሰላምታ ንጹሕ እንዲሆን። ከረባቱ ላይ ሳተርን ከነቀለበቷ ተደርድራለች። እኛ የምናጠናው ማርስን ነው። ይህን አንድ ቀን ባስታውሰው፣ «እትዬ፣ ሰው ቀለበት ካላየ ፕላኔት መሆኑን በምን ያውቃል?» ብሎ ሳቀብኝ።

እትዬ የሚለኝ የሚስቱ ታላቅ እህት ስለሆንኩ ነው። እዚህ ቢሮ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ገና እጮኛዋ ሳለ እህቴ «አንድ ቦታ አትፈልጊለትም ወይ?» እያለች መግቢያ መውጫ ስታሳጣኝ፣ ስለ አቧራ ማዕበል የጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ ይዤ ለዳይሬክተራችን ሰጠሁ። ጽሑፉን አላነበብኩትም ነበር። ከተቀጠረ በኋላ ሳነበው ከአርባ ገጽ ውስጥ አሥራ አንዱ ምስጋና ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤቶቹን ሳይቀር አመስግኗል።

ሥራችን ለሰሚው ያስደንቃል፤ ለሠሪው ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ነው። ማርስን የምትዞር አንዲት መንኮራኩር አለችን። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ በየሁለት ሰዓቱ አንድ ዙር ትዞራለች። መሬቱን ፎቶ ታነሳለች፣ አየሩን ትለካለች፣ ያየችውን ወደ እኛ ትልካለች። ሲልኳት ለአምስት ዓመት ብቻ ታስባ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። «አሮጊቷ» እንላታለን። የቀራት ነዳጅ አንድ ባልዲ አይሞላም፣ ግን በቁጠባ ከተያዘች ሌላ ሦስት ዓመት እዚያው ከፍታዋ ላይ ያቆያታል። እኔ ባል የለኝም፣ ልጅም የለኝም። ይህን የምለው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ መጀመሪያ ደህና ማደሯን የምጠይቀው የአሮጊቷን መሆኑን ለመናገር ነው።

በሕንፃችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ ሁለት ክፍሎች አሉ። የገጽ ክፍል ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ጉድጓዱን ያያል፤ ኃላፊዋ እኔ ነኝ። የአየር ክፍል ደመናውን፣ አቧራውንና ነፋሱን ያያል፤ ኃላፊው ክቡርነቱ ነው። እነሱ እኛን «ድንጋዮቹ» ይሉናል፣ እኛ እነሱን «ነፋሶቹ»። የጋራ የሆነን ነገር ቢኖር ወረቀት የምትበላ ማተሚያና በመስኮት የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ የውሃ ታንከር ነው። ሌላ ፕላኔት የምናይ ሰዎች ቀና ስንል የምናየው ታንከር መሆኑ ሁሌም ያስቀኛል።

አንድ የቆየ ደንብ አለን። ከቢሮው የሚወጣ ፎቶ ሁሉ የሁለቱን ክፍል ፊርማ ይፈልጋል፤ ደመና መስሎ የታየው ድንጋይ፣ ድንጋይ መስሎ የታየው ደመና እንዳይሆን። ቅጹ አጭር ነው፦ ቦታው፣ መጀመሪያ የታየበት ቀን፣ ያየው ሰው፣ ሁለት ፊርማ። ክቡርነቱ ከዚህ ሁሉ የሚወደው ፊርማውን ነው። የፊርማው ጭራ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ይሄዳል። ፎቶውንስ? ፎቶውን አያየውም። ክምሩን ቆሞ እየገለበጠ፣ እያወራ፣ አንዳንዴም ዳቦ እየገመጠ ይፈርማል።

ልክደው የማልችለው አንድ ነገር አለው፤ ወንበር መጠገን ይችላል። ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴ ይዞ ይዞራል። የአንዱ ወንበር ሲጮህ ከሰማ ስብሰባም ቢሆን ተንበርክኮ ብሎኑን ያጠብቃል። እኔ በበኩሌ «የተፈጠረበት ሙያ ይህ ነበር፣ ፕላኔቷን አለቦታዋ ነው ያገኛት» እያልኩ አስቅበት ነበር።

አሁን ወደ ጉሙ ልምጣ።

ካሜራ እንደ ሰው ዓይን ያረጃል። የአሮጊቷ ካሜራ ደግሞ ዓመታት ሙሉ ጨረር ሲያገኛት የኖረች ናት፤ ጨረር የመታው ነጥብ ብርሃን ባይኖርም በራሱ ያበራል። ስለዚህ በየወሩ መንኮራኩሯን ጀርባዋን ለፕላኔቷ እናሰጣትና ጥቁሩን ሰማይ እናስነሳታለን። «ባዶ ፎቶ» ነው የምንለው። ባዶው ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ የካሜራዋ እድፍ ነው፤ እሱን ከሌሎቹ ፎቶዎች ላይ እንቀንሳለን። ይህ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ክቡርነቱ ከሦስት ዓመት በፊት ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ምንም የሌለበትን ሰማይ ለማንሳት ግማሽ ቀን! ይህ እኮ ግድግዳ ፎቶ እንደማንሳት ነው!» አለ። ዳይሬክተሩም ሳቁ፣ ባዶ ፎቶም ቀረ። እኔ ኮሪደር ላይ አጉረመረምኩ፣ ከዚያ ሻይ ጠጥቼ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ዓመት ሳይሞላው አንድ ቀን፣ ከሥራ መውጫ ላይ አንድ እጄን ካፖርቴ ውስጥ አስገብቼ ሌላውን እጅጌ ስፈልግ፣ ክቡርነቱ ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። ወረቀት ይዟል።

«እትዬ፣ እዚህች ጋ ብቻ።»

«ምንድን ነው?»

«ጉም ነው። ቀላል ነገር። ነገ ጠዋት መውጣት አለበት።»

የደረጃውን መደገፊያ ተደግፌ ፈረምኩለት። አላየሁትም። እህቴ በዚያው ሳምንት ደውላ ዳይሬክተሩ ባሏን ሊያነሱት እንደሆነ ነግራኝ ስለነበር፣ ጉም ከሆነ ይሁንለት አልኩ።

ቀላል ነገር የተባለው ፎቶ ዜና ሆነ። ከማርስ ጉድጓዶች አንዷን፣ ወለሏ ጥቁር አሸዋ የሆነችውን፣ ክዳን የሌለው ድስት ስለምትመስል «ድስቱ» እንላታለን። ክቡርነቱ ድስቱ ውስጥ፣ ከታች በስተግራ፣ አውራ ጣት የምታህል ነጣ ያለች ጉም አገኘ። በማግስቱ አለች፣ በሳምንቱም አለች፣ ሁልጊዜ ጠዋት አለች። ሁልጊዜ ጠዋት መሆኑ አይግረማችሁ፤ መንኮራኩሯ እዚያ ላይ የምታልፈው ሁልጊዜ ጠዋት ነው። ጉም ካለ እርጥበት አለ፣ እርጥበት ካለ ከሥር ውሃ አለ ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሬዲዮ ጠራው፣ ትምህርት ቤቶች ጠሩት። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንዲሉ፣ ድሮም ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው ሰው ኮሪደሩ ጠበበው። ስለ እሱ የተጻፈውን ጋዜጣ ቆርጦ በመስታወት አሰርቶ ከማተሚያው በላይ ሰቀለው፣ ወረቀት ለማንሳት ጎንበስ ያለ ሁሉ እንዲሰግድለት።

እውነቱን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ከድስቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የጥቁር አሸዋ ሜዳ እያየሁ ነበር። ከታች በስተግራ ነጣ ያለ ነገር አለ። አውራ ጣት ያህላል። የድስቱን ፎቶ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩና በማስመሪያ ለካሁ። ከግራ ጠርዝ ያው ልክ፣ ከታች ጠርዝ ያው ልክ። ሌላ ጥቁር መሬት ፈለግሁ፤ እዚያም አለች። በነጣው መሬት ላይ ደግሞ ነጭ በነጭ ስለሆነ አትታይም። ክቡርነቱ ውሃ አለባት ያላት ጉም ማርስ ላይ አልነበረችም፤ የካሜራዋ ዓይን ላይ የወጣች ጠባሳ ነበረች።

ሳቅሁ። ብቻዬን፣ በሬን ዘግቼ ሳቅሁ። ከዚያ የድስቱን ቅጽ አወጣሁና ከእሱ ረጅም ፊርማ በታች የእኔን አጭር ፊርማ አየሁት።

ነገሩ በሳቅ የሚታለፍ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ክቡርነቱ መንኮራኩሯ ወደ ጉሙ እንድትወርድ ጥያቄ አቅርቦ ነበር፤ ከፍታዋን በግማሽ ቀንሳ ድስቱን ከቅርብ እንድታነሳ። መንኮራኩሯን የሚመራው መሐንዲስ፣ «ሾፌሩ» የምንለው፣ አስቀድሞ ነግሮናል። ከወረደች አትመለስም። የቀራት ነዳጅ እዚያው ያልቃል፤ ታች ያለው አየር ስስ ቢሆንም ይጎትታታል። አምስት ወር፣ ቢበዛ ስድስት፣ ከዚያ ትቃጠላለች። ለእውነተኛ ጉም ከሆነ ዋጋ አለው። ለጠባሳ ግን?

ስለዚህ ለእሱ ለመንገር ወሰንኩ። ለዳይሬክተሩ ከመናገር ለራሱ መንገር ይሻላል፣ ለእህቴም ክብር ነው ብዬ። ሁለቱን ፎቶ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እሁድ ምሳ ቤታቸው ሄድኩ። ጎረቤቶቻቸው ባልና ሚስት ተጋብዘዋል። ሾርባው እንደቀረበ ሰውዬው ስለ ጉሙ ጠየቀውና ክቡርነቱ ማንኪያውን አስቀምጦ ጀመረ። አልጨረሰም። ድንች ቀረበ፣ አልጨረሰም። በመጨረሻ ሴትየዋ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እርስዎስ ምንድን ነው የሚሠሩት?» አለችኝ።

እሱ ቀደመኝ። «እትዬ እኮ ድንጋይ ለቃሚ ናት! እኔ ውሃ ሳገኝ እሷ አሁንም ጠጠር ትቆጥራለች። ምስር ላይ ቢያስቀምጧት እንዴት በጠቀመች ነበር!»

ጠረጴዛው ሳቀ። እህቴም ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፣ ግን ሳቀች። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። ዚፑን እስከ ጫፉ ዘጋሁትና ይበለው አልኩ በልቤ። ይውረድ። ወርዶ ይየው።

እህቴ ስትሸኘኝ በር ላይ፣ «ተቀየምሽ እንዴ? ለቀልድ ነው እኮ። አንቺም እኮ እሱን ሁሌ እንደናቅሽ ነው» አለችኝ።

«የሚናቅ ነገር ሲያጣ እተወዋለሁ» አልኳት።

ስብሰባው የተደረገው ፎቶዎቹን ካገኘሁ በሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። ሾፌሩ የነዳጁን ነገር ደግሞ ተናገረና ተቀመጠ። ክቡርነቱ «አሮጊቷ በጡረታ ከምትሞት በክብር ትሙት» አለ፤ ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«የገጽ ክፍል ተቃውሞ አለው?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ዝም እንኳ አላልኩም። «የለውም» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አንዱ ምክንያት ፊርማዬ ነው፤ ያላየሁት ፎቶ ላይ መፈረሜ እንዳይወጣ ፈራሁ። ሁለተኛውን አፍ አውጥቼ ለማለት ጊዜ ወስዶብኛል። ሲዋረድ ማየት ፈለግሁ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ከነከረባቱ።

አሮጊቷ ለመውረድ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። የመጀመሪያው ፎቶ የደረሰ ዕለት ሁለቱም ክፍል ትልቁ ስክሪን ፊት ተሰበሰበ። ድስቱ ስክሪኑን ሞላው፤ ከዚህ በፊት ነጥብ የነበሩት ድንጋዮች ቤት ቤት አከሉ። ጉሟ ግን ያችው ነች። ከታች በስተግራ፣ አውራ ጣት ታህላለች። ሁለት እጥፍ ቀርበናት ቅንጣት አልጨመረችም። ይባስ ብሎ ድስቱ ፎቶው ውስጥ ቦታ ስለቀየረ፣ ግማሽ አካሏ ከወለሉ ወጥቶ ገደሉ ላይ ተለጥፏል።

ሁሉም አየ። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ እንዳይባሉ ይሆናል፣ ሁሉም ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። እኔ የማየው ስክሪኑን ሳይሆን እሱን ነበር። ፊቱ ላብ አወጣ። አሁን ይወድቃል ብዬ ስጠብቅ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንግዲህ... እንደምናየው ጉሙ እየጠበበ ነው» አለ። «ከወለሉ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ማለቴ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ግኝት ነው!»

ከኋላ አንድ ሰው አንድ ጊዜ አጨበጨበና ብቻውን መሆኑን ሲያይ አቆመ። እኔ ንቀቴ ራሱ ደከመኝ። ለዚህ ሰው ነው አሮጊቷን የሸጥኳት።

በዚያው ቀን ሾፌሩ ጋ ገብቼ ባዶ ፎቶ እንዲያስነሳልኝ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝ። «አሁን ነው የታወሰሽ?» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም፣ ትዕዛዙን ላከ። ፎቶው ሲደርስ ማርስ የለችም፣ ድስቱ የለም፣ ጥቁር ብቻ ነው። ከታች በስተግራ አውራ ጣት አለች።

አትሜ ያልተሞላ ቅጽ አያያዝኩበት። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ክምሩ መሐል እከተዋለሁ፣ እሱም እንደ ልማዱ ሳያይ ይፈርምበታል፣ ውርደቱም በገዛ ረጅም ፊርማው ከቢሮ ይወጣል። ረቡዕ ሰው ምሳ ሲወጣ ጠረጴዛዬ ላይ አዘጋጅቼ ጠራሁት። ወንበሬ ሰሞኑን ይጮህ ስለነበር ካቻቢቴውን ይዞ ነው የመጣው።

«መጀመሪያ ፈርምልኝ» አልኩት።

ቆሞ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ስለ እህቴ ጉንፋን እያወራኝ ነው። ስድስተኛው ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ፎቶውን አነሳና ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ ወደ ታንከሩ በኩል ከፍ አድርጎ አየው። ቆየ። ተመልሶ መጥቶ ሊጠግነው የመጣው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ጮኸ።

«ይሄ የት ነው?»

«የትም አይደለም። ባዶ ሰማይ ነው።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በጣቱ እድፏን ሸፈናት፤ ልክ ናት።

«ከወረድን በኋላ ነው ያወቅሽው?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ሰው አልነበረም፣ ማስረጃም የለም። «አይደለም» አልኩት። «ከስብሰባው በፊት ነው።»

እንዲጮህብኝ ፈለግሁ። ቢጮህ መልስ ነበረኝ፤ የአሥራ ሰባት ዓመት መልስ አስቀምጬለታለሁ። አልጮኸም።

«ያን እሁድ ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አቅፈሽ ነው የዋልሽው» አለኝ። «ለእህትሽ፣ እትዬ ዛሬ ምን ሆናለች ብያት ነበር።» ጣቱን ከእድፏ ላይ አነሳ። «እኔ አላየሁም፣ እትዬ። በሕይወቴ ደህና አድርጌ ያየሁት ፎቶ የለም። አንቺ ግን አይተሽ ነበር።»

ቅጹን ሳበና ጻፈ። ቦታው በሚለው ላይ «የካሜራዋ ዓይን» አለ። ያየው ሰው በሚለው ላይ የእኔን ስም ከነአባቴ ጻፈ። ፈረመ፤ ጭራ የሌለው፣ አጭር ፊርማ። መጀመሪያ የታየበት ቀን የሚለውን አልነካውም። ከዚያ አስነሳኝና ተንበርክኮ፣ ሳተርኖቹ ወለሉን እየጠረጉ፣ የወንበሬን ብሎን አጠበቀ። አቧራውን ከጉልበቱ አራግፎ ወጣ፤ በሩን በእጁ ነው የከፈተው።

አሮጊቷ በዚያ ቀን አራት ወር ከአሥራ ስምንት ቀን ቀርቷት ነበር። ፊት ለፊቴ ያለው ስክሪን ላይ አዲስ ፎቶ እየላከች ነው፤ የታዘዘችውን ትሠራለች።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። የዛሬን ቀን ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ እሱም አይናገርም፣ ይህንን አሁን አውቀዋለሁ። እውነተኛውን ቀን ጻፍኩ፣ ከስብሰባው በሃያ ሁለት ቀን የሚቀድመውን። ከሥሩ ፈረምኩ። ሰው ከምሳ እስኪመለስ እዚያው ተቀምጬ ቆየሁ፤ ወንበሩ አንድም ጊዜ አልጮኸም።